ድሮዊንግ ሳይነበብ የሚሞላ ዋጋ

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ትንሽ የኮንትራክተር ቢሮ ተቀጠርኩ። ዋና ሥራዬ ጨረታ መሙላት ነበር። በኩር ጋዜጣ ሲወጣ የግንባታ ማስታወቂያ እፈልጋለሁ። ሰነድ እገዛለሁ፣ ዋጋ እሞላለሁ፣ ለጨረታ ማስከበሪያ ከባንክ ሲፒኦ አሠርቼ ፖስታ አሽጌ አስገባለሁ። አንድ ቀን የአንድ ትምህርት ቤት ሰነድ ይዤ ገባሁ። ባለ አራት ክፍል አንድ ብሎክ ነው። ከሰነዱ ጋር ድሮዊንግ አለ፤ የሕንጻው የሥራ ንድፍ ማለት ነው። አለቃዬ ከግንበኝነት ተነስተው ኮንትራክተር የሆኑ ትልቅ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ድሮዊንጉን ይዩት እንጂ» አልኳቸው።

«ምኑን ነው የማየው? ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ! ስንቱን ሠርተናል። ባለፈው የሞላነውን አምጣና የሲሚንቶውን ጭማሪ ደምርበት።»

አመጣሁ፤ ደመርኩ፤ አሸነፍን። ያሸነፍነው ምን እንደሆነ የገባን ሳይቱን የተረከብን ቀን ነው።

ያን ጊዜ የእኛ ቢሮ ብቻ ችግር ይመስለኝ ነበር። ኋላ ኮንሳልታንት ጋ ሠራሁ። ከዚያም በአሠሪ በኩል ተቀምጬ ጨረታ ሲከፈት አየሁ። ልማዱ የሁላችንም ነው። ድሮዊንግ ከሰነዱ ጋር ይሸጣል፤ በየገጹ ማኅተም ይመታበታል፤ ታሽጎ ይገባል። የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

እስቲ ሰነዱን እንፍታው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ዋጋ የሚወልዱት ሦስት ነገሮች ናቸው። ድሮዊንጉ ምን፣ የት፣ በምን ልክ እንደሚሠራ ያሳያል። ስፔሲፊኬሽኑ ጥራቱን ይናገራል፤ ብዙ ሰነድ ዛሬም ባትኮዳ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ1980ዎቹ ያወጣውን ስፔሲፊኬሽን ይጠቅሳል። ሦስተኛው ቢል ኦፍ ኳንቲቲ ነው፤ በሳይት አፍ ቢኦኪው። ሥራው ሁሉ ከነመጠኑ የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ ነው። ተጫራች ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ ሳጥን ያለው እሱ ነዋ።

ቢኦኪው ግን ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ድሮዊንጉን ዘርግቶ፣ ቴክኦፍ ሺት በሚባለው የልኬት ወረቀት ላይ ርዝመት በወርድ በከፍታ እያባዛ ያወጣው ነው። የአንድ ሰው ንባብ ነው በሉት። ያ ሰው ቸኩሎ ከነበረ፣ አንድ ገጽ ዘልሎ ከነበረ፣ ወይም የሌላ ፕሮጀክት ፋይል ላይ ስም ብቻ ቀይሮ ከነበረ፣ ስህተቱ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ቁጥር ደግሞ ያስፈራል፤ 187.43 ተብሎ የተጻፈ ነገር ማን ይጠረጥራል? ብዙዎቹ ውሎች ሁለቱ ሲጋጩ ድሮዊንጉን ያስቀድማሉ። ተጫራቹ ግን ዋጋ የሞላው ኋላ የተሰለፈውን ወረቀት ብቻ አይቶ ነው።

የውሉ ዓይነት እዚህ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በጥቅል ዋጋ ከተዋዋላችሁ ያላያችሁት ነገር የእናንተ ነው። ድሮዊንጉ ላይ ካለ ትሠሩታላችሁ፤ ቢኦኪው ላይ አልነበረም ብሎ ማልቀስ አይሠራም። በነጠላ ዋጋ ከሆነ የተሠራው ተለክቶ ይከፈላል። ብዙው የመንግሥት ሕንጻ በነጠላ ዋጋ ስለሚሠራ ኮንትራክተሩ «መጠኑ ቢበዛ ይከፍሉኛል» ብሎ ይተኛል። እኛም እንደዚያ ብለን ተኝተን ነበር።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ሳይቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ተዳፋት ነው። የሚያስፈራ አይደለም፤ ከብት የሚግጥበት መስክ ነው። በመቶ ሜትር አምስት ሜትር የሚወርድ፣ ለዓይን ሜዳ የሚመስል ነገር። ድሮዊንጉ ላይ መሬቱ በማስመሪያ የተሳበ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ታይፕ ፕላን የሚሉት ነው፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሁሉም ወረዳ የሚባዛ። የሳይት ፕላኑ ላይ የከፍታ መስመር የለም። የሰሜን ቀስት ግን አለች፤ እሷ አትቀርም።

ሒሳቡን እንሥራ። ብሎኩ 32 ሜትር በ8 ሜትር ነው። በርዝመቱ 5 በመቶ ከወረደ አንዱ ጫፍ ከሌላው በ1.6 ሜትር ይዘቅጣል። ወለሉ ግን አንድ ደረጃ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ የመሠረቱ ግንብ ወደ ታችኛው ጫፍ እያደገ ይሄዳል። ግንቡ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ብቻ 25.6 ሜትር ኪዩብ ተጨማሪ ድንጋይ ይበላሉ። የታችኛው አጭር ግድግዳ 6.4 ይወስዳል። ክፍሎቹን የሚለዩት ሦስቱ ደግሞ 9.6። ድምሩ 41.6 ሜትር ኪዩብ። ውስጡን የሚሞላው ገረጋንቲ፣ የግንቡን ቦታ ቀንሰን እንኳ፣ ከ160 ሜትር ኪዩብ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ቢኦኪው ላይ የለም። ቢኦኪው የተለካው ከዚያች ቀጥ ያለች መስመር ነዋ።

ተጨማሪውን ከፈሉን? አዎ፣ ከፈሉን፤ በሞላነው ዋጋ። የሞላነው ዋጋ ግን ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ለሌላ ሳይት የተሰላ ነበር። እዚያ ድንጋዩ በቅርብ ይገኛል፤ እዚህ በመኪና ነው የሚመጣው። በእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ እንከስራለን፤ ሜትር ኪዩቡ ደግሞ በዛልን። አለቃዬ አንድ ቀን ድንጋይ ሲራገፍ ቆመው እያዩ «ይህ ሥራ በሠራነው ቁጥር ያስከፍለናል» አሉ። አልሳቅንም።

እኔ ይህን የምነግራችሁ ለኮንትራክተር አዝኜ አይደለም። አሠሪውም ከዚያው ጉድጓድ ነው የወደቀው። በጀቱ የተያዘው በሜዳው ድሮዊንግ ነው። ተዳፋቱ ሲመጣ ገንዘቡ መሬት ውስጥ ገባ፤ ከላይ ያለው ተቀነሰ። መጀመሪያ አጥሩ ቀረ። ቀጥሎ መጸዳጃ ቤቱ «ለሚቀጥለው በጀት» ተባለ። የመሬቱን ከፍታ አለመለካት ነው ይህን ሁሉ ያመጣው፤ ለደህና የቅየሳ ባለሙያ የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ያልተሣለ ነገር ከሥራው አይቀርም፤ ዋጋው ብቻ ከጨረታው ቀን ወደ ሳይቱ ይዛወራል። ሳይት ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚወዳደርበት ሌላ ተጫራች የለም።

ተዳፋት ቢያንስ በዓይን ይታያል። አፈር አይታይም። ከደጀን ተነስታችሁ ወደ ብቸና ስትሄዱ ያ ሁሉ የጤፍ አገር ዋልካ ነው። ለጤፍ የሰጠውን ለመሠረት ይነሳል። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ወደ እንጅባራ ብትወጡ ቀይ አፈር ነው፤ ሌላ ጠባይ አለው። ታይፕ ፕላኑ ግን ለሁለቱም ያው ነው፦ የመሠረት ጥልቀት 1.5 ሜትር። ከታች በትናንሽ ፊደል «እንደ አፈሩ ሁኔታ በመሐንዲሱ ይወሰናል» ይላል። የዚች ዓረፍተ ነገር ዋጋ ስንት ነው? 24 ፉቲንግ (የኮለን መሠረት) ያለው ሕንጻ እናስብ፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር በ2 ሜትር። በ1.5 ሜትር ጥልቀት ቁፋሮው 144 ሜትር ኪዩብ ነው። ዋልካውን አልፎ ደህና መሬት ለማግኘት 2.5 ሜትር ከተወረደ 240 ይሆናል። የወጣው አፈር ተመልሶ አይሞላም፤ በገረጋንቲ ይተካል። ኮለኑ ይረዝማል፤ ፌሮው ይጨምራል። በዚያች ዓረፍተ ነገር ፈንታ አንድ የሙከራ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውጤቱ ቢቀመጥ ተጫራቹ ሁሉ ለአንድ ዓይነት መሬት ዋጋ ይሞላ ነበር። አሁን አንዱ ለሜዳ፣ አንዱ ለዋልካ፣ አንዱ ለዕድሉ ይሞላል። ከዚያ «ዝቅተኛው አሸነፈ» እንላለን።

እስካሁን የተናገርኩት ድሮዊንግ ስለማያነበው ነው። የሚያነበው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ይጀመራል። ይህኛው ነው ለአሠሪ የባሰው።

ጎበዝ የቢሮ ኢንጂነር ያለው ኮንትራክተር ሰነዱን እንደገዛ መጠኑን እንደገና ይለካል። ቢኦኪው ላይ የአለት ቁፋሮ 20 ሜትር ኪዩብ ተብሎ አየ እንበል። ድሮዊንጉን ከመሬቱ ጋር ሲያስተያይ 200 እንደሚሆን ገባው። ምን ያደርጋል? ለአለቱ በሜትር ኪዩብ 3,000 ብር ይሞላል። ሌላውን ሥራ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ጠቅላላ ዋጋው 5,000,000 ብር መጣ። ጎረቤቱ ምንም ሳያይ በሐቅ ሞላ፤ አለቱን በ1,000 ብር፣ ጠቅላላውን በ5,100,000። ጨረታው ሲከፈት የመጀመሪያው በ100,000 ብር አነሰ፤ ተጨበጨበለት። ሥራው ሲያልቅ አለቱ እውነትም 200 ሆነ። የአሸናፊው ሒሳብ 5,540,000 ደረሰ። ያ የተሸነፈው ቢሠራው ኖሮ 5,280,000 ነበር። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ አካሄዱን ግን የጨረታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ሌብነት ነው» የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። ሰነዱ የሰጠውን ነው ያነበበው። አንዳንድ ውል መጠኑ ከ25 በመቶ በላይ ከተለወጠ ነጠላ ዋጋው እንደገና ይታይ የሚል አንቀጽ አለው። ገምጋሚ ኮሚቴውም ከገበያ የወጣ ነጠላ ዋጋ ሲያይ ማብራሪያ መጠየቅ ይችላል። ግን 3,000 ብሩ ከገበያ መውጣቱን ለማወቅ፣ አለቱም ከ20 እንደሚበልጥ ለመጠርጠር ኮሚቴው ራሱ ድሮዊንጉን መግለጥ አለበት። ኮሚቴው የሚገልጠው የድምር ስህተት ነው። ነጠላ ዋጋ በመጠን ተባዝቶ ካልገጠመ ነጠላ ዋጋው ይጸናል፤ ይህን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ካልኩሌተር ይዞ መቀመጥ ደግሞ ሥራ ይመስላል።

ድሮዊንግ ማንበብ ራሱ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ሕንጻው አንድ ቢሆንም ወረቀቱ የአራት ሰው ነው፤ አርክቴክቱ፣ ስትራክቸሩ፣ ሳኒተሪው፣ ኤሌክትሪኩ። አራቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ሲሆኑ ወረቀቱ ይናገራል። የአርክቴክቱ በር ያለበት ቦታ ላይ የስትራክቸሩ ኮለን ቆሞ አግኝቻለሁ። አንድ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ላይ ደግሞ ፕላኑ ባለ 10 ፌሮ በየ200 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ሴክሽኑ፣ ማለት ተቆርጦ የሚታየው ንድፍ፣ በየ150 ይላል። ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ለ300 ካሬ ሜትር በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ረድፍ ብቻ ብናነጥፍ ልዩነቱ ከ600 ኪሎ በላይ ፌሮ ነው። የትኛውን ይሞላል ተጫራቹ? ርካሹን። የትኛውን ያሠራል ሱፐርቫይዘሩ? ጠንካራውን። ፌሮ አሳሪው ፌራዮ እስኪወሰን ድረስ ጥላ ሥር ይተኛል፤ የቀን ሒሳቡ ይቆጠራል።

የወረቀት መጠን የሚያመጣውን ጣጣም ልናገር። ድሮዊንጉ ለኤ1 ወረቀት ተሠርቶ «1:50» ተጽፎበታል፤ ወረቀቱ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ 50 ነው ማለት ነው። ለጨረታው ኮፒ ሲደረግ ወጪ ለመቆጠብ በኤ3 ይታተማል። ኤ3 የኤ1 ጎን ግማሽ ስለሆነ ስኬሉ 1:100 ሆነ ማለት ነው። ጽሑፉ ግን አሁንም 1:50 ይላል። በማስመሪያ የለካ ሰው ርዝመቱን በግማሽ ያገኘዋል፤ ካሬውን በሩብ። ስለዚህ የድሮ ሰዎች «በተጻፈው ቁጥር እንጂ በማስመሪያ አትሂድ» የሚሉት ልክ ናቸው። ቁጥሩ ካልተጻፈስ? ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ሌላም አለ። የድሮው የሕንጻ ኮድ ላይ ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት በአዲሱ አጻጻፍ ሲ20/25 ነው። አንዱ ገጽ የድሮውን፣ ሌላው ሲ25/30 ብሎ የጻፈ ድሮዊንግ ገጥሞኛል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ በሲሚንቶም በዋጋም ይለያያሉ። የቅኔ አገር ሰዎች ነን፤ ሰምና ወርቅ እንወዳለን። ድሮዊንግ ላይ ግን ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ገንዘብ ነው።

«ታዲያ ለምን አይጠይቁም?» ትሉ ይሆናል። ሰነዱ ይፈቅዳል። ተጫራች ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት በተሰጠው ቀን ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። መልሱ የጠያቂው ስም ሳይጠቀስ ሰነድ ለገዙ ሁሉ ይላካል። ችግሩ እዚችው ላይ ነው። እኔ ሌሊት ቁጭ ብዬ ያገኘሁትን ስህተት ብጠይቅ መልሱ ለሁሉም ይደርሳል፤ ጥቅሜ ሄደ። ዝም ብል ግን ዋጋዬን እንደሚመቸኝ አስተካክላለሁ። ያላነበበው ደግሞ የሚጠይቀው የለውም። ስለዚህ አሠሪው ጥያቄ አይመጣለትም፤ ጥያቄ አለመምጣቱን «ሰነዱ ንጹሕ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። አንድም ጥያቄ ያልመጣበት የሕንጻ ጨረታ ሳይ እኔ ሰነዱን ሳይሆን ተጫራቹን ነው የምጠረጥረው።

በግል ቤት ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በካሬ ስንት ትሠራለህ?» ብሎ ነው። በእጅ ዋጋ ከሆነም ያው ነው። በእጁ ያለው ፕላን ለማዘጋጃ ቤት ማኅተም ሲባል የተሠራ ነው። የ2001 ዓ.ም የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ለፈቃድ ፕላን እንዲቀርብ ጠየቀ፤ ሰውም ለፈቃድ የሚበቃውን አሠርቶ አቆመ። ለፈቃድ የሚበቃ ለዋጋ አይበቃም። የበርና የመስኮት ዝርዝር የለውም፤ የቧንቧ መስመሩ በግምት ነው፤ ወለሉ ሊሾ ይሁን ሴራሚክ አይታወቅም። ሦስት ግንበኞች ሦስት ዋጋ ሲሰጡት ባለቤቱ ርካሹን ይመርጣል። የመረጠው ግን ርካሹን ግንበኛ ሳይሆን ፕላኑን በትንሹ የተረጎመውን ነው። ግማሽ ላይ ጸቡ ይነሳል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹም የሚያዩት ድሮዊንግ የላቸውም።

አሁን ይህን ሁሉ ያከበደው ጊዜው ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሳይት ደርሶ መመለስ ቀላል አይደለም። መንገድ ይዘጋል፤ ሰው ሥራ ፍለጋ ሕይወቱን አያስይዝም። ሰነዱ ላይ ግን ያች ዓረፍተ ነገር ዛሬም አለች፦ ተጫራቹ ዋጋ ሲያቀርብ የሥራ ቦታውን እንዳየ ይቆጠራል። ያላየውን እንዳየ የሚቆጠር ሰው ያለው ዓይን ድሮዊንጉ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ ለመርጦ ለማርያም ሳይት ዋጋ የሚሞላ ሰው የከፍታ መስመሩን፣ የሙከራ ጉድጓዱን፣ መኪና የሚገባበትን በር ከወረቀቱ ካላገኘ ከየት ያመጣዋል? የፌደራል ተቋማት ጨረታቸውን ወደ ኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት ማዞራቸው ሰነድ ለመግዛት ከመንከራተት አድኗል። የተጫነው ፋይል ግን ያው ድሮዊንግ ከሆነ የተሻለው ትራንስፖርቱ ነው።

ዋጋውም አልተኛም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። ፌሮ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው። አዲስ አበባ ተጭኖ፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ነድቶ ነው ማርቆስ የሚራገፈው። ድሮ በድሮዊንግ ስህተት የተረሳ 600 ኪሎ ፌሮ ከትርፍ ላይ ይሸፈን ነበር። አሁን ትርፉን ይበላና ሥራውን ያቆማል። በየከተማው ኮለኑ ላይ ፌሮ ተክሎ የቆመ ሕንጻ ስታዩ ሁሉም በገንዘብ እጥረት ቆመ አትበሉ። አንዳንዱ የቆመው የመጀመሪያው ቀን ወረቀቱ ላይ ነው።

አሠሪ መሥሪያ ቤቶች «ለዲዛይን በጀት የለንም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ጊዜ የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ ጨረታ ለማውጣት ይሯሯጣሉ። ሰኔ ሲደርስ ታይፕ ፕላን እንደ ትኩስ እንጀራ ነው የሚፈለገው። ግን ለዲዛይን የጠፋው ገንዘብ ለቫሪየሽን፣ ማለት በሥራ መሐል ለሚመጣ ለውጥ፣ ሲጠየቅ ይገኛል። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ይመጣል። አሁን ምከረን ብትሉኝ የምጠይቀው ሦስት ወረቀት ብቻ ነው፦ ከፍታ ያለው ሳይት ፕላን፣ የአንድ ሁለት የሙከራ ጉድጓድ ውጤት፣ ቢኦኪው የተሠራበት ቴክኦፍ ሺት። የመጨረሻው ሲባል ይደነግጣሉ። ለምን ይደበቃል? ተጫራቹ ያ ቁጥር ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ካየ ስህተቱ ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት ይወጣል። ደግሞ ሁሉም ስላየው ማንም ብቻውን አይጠቀምበትም።

ያ ትምህርት ቤት አልቆ ሥራ ጀምሯል። ባለፈው በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ አልኩ። በታችኛው ጫፍ ያለው ክፍል በሩ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው የተሠራው፤ ወለሉ አንድ ደረጃ ላይ መሆን ስላለበት። ድሮዊንጉ ላይ መሬቱ ሜዳ ስለነበር ደረጃ አልተሣለም። ስላልተሣለ ቢኦኪው ላይ የለም፤ እኛም አልሠራነውም። ወላጆች አዋጥተው ድንጋይ ደርድረው ሠርተውታል። ሰባት ደረጃ ነው፤ ሦስተኛው ይነቃነቃል። ልጆቹ አውቀውታል፤ እሱን ዘለው ነው የሚወጡት።